የሮስኮ ሚስማር

የሞተ ባል የት ይደበቃል? ጠዋት ዓይኗን ከገለጠችበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ቨርሊን ግሪርን እንደ ጥርስ ሕመም ይዟታል። ምድር ቤት እንዳታወርደው ለቤቱ ዋጋ የሚሰጠው የባንኩ ገማች ማሞቂያውን ለማየት መውረዱ አይቀርም። ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳታቆመው ቁም ሣጥኑንም ይከፍታል፤ በጸደይ የመጣው ከፍቶ ነበር፣ ያውም ኮቶቿን የታመመ ሰው ልብስ ይመስል በብዕሩ ጫፍ ገፋ ገፋ እያደረገ። አልጋ ሥር ልክተተው ብላ ጎንበስ አለችና ተመልሳ ቀና አለች። ሮስኮ በዚህ አልጋ ላይ ዕድሜ ልኩን የተኛ ሰው ነው፤ ዛሬ ከአሮጌ ጫማ ጋር አልጋ ሥር ሊገባ? ፎቶው ደግሞ እንደሌሎቹ ኪስ ውስጥ የሚወሸቅ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን በሆነበት ዓመት ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የተነሣው ነው፤ ከነፍሬሙ የልጅ ቁመት ያክላል። ሮስኮ ራሱ ነው ወፍራም ሚስማር መርጦ ከሶፋው በላይ፣ ከእሱና ከልጁ በቀር ማንም በማይደርስበት ከፍታ የሰቀለው። ልጃቸው ሌስተር ዛሬም በዚያ ባለፈ ቁጥር የፍሬሙን ሥር በሁለት ጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ሰላምታው ነው። አባቱን ከቀበረ ወዲህ አንድ ቀን ሳያደርገው አልፎ አያውቅም።

«አያቴ፣ ወዲህ ስጪኝ» አለች ኪያና። የሌስተር ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ስለሚቀርባት ላይኛው ክፍል ከአያቷ ጋር ትኖራለች። «መኪናዬ ውስጥ ከኋላ አስቀምጠዋለሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ።»

«ከጎማው ጋር?»

«ጎማው ከሥር ነው። እሱ ከላይ።»

«ይበርደዋል እኮ።»

«አያቴ!»

«እሺ በቃ፣ ምን አልኩ? ብቻ በደረቱ እንዳታስተኚው።»

ነገሩ የተጀመረው በጸደይ ነው። ኪያና ፋርማሲ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ እስካሁን ስትማርበት የነበረው የድጎማ ገንዘብ ዘንድሮ ተቋረጠ። ለምን ተቋረጠ ቢሉ አንዱ ወገን በሌላው ያሳብባል፣ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ይጯጯሃል፣ የምርጫ ሰዎች በየበሩ ያንኳኳሉ፤ የትምህርት ቤቱ የክፍያ መጠየቂያ ግን የሚመጣው ለኪያና ነው። ቨርሊን ያላት ሀብት ይህ ቤት ብቻ ነው። አስይዛው ልትበደር ባንክ ሄደች፣ ባንኩም ገማች ላከ። ሰውየው ሳይቀመጥ፣ የቀረበለትን ውሃ እንኳ ሳይነካ ዞር ዞር ብሎ ወጣና ቤቱ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ዶላር ያወጣል አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ግንበኛ፣ በአንድ ዓይነት ጡብ የተሠራ የዚህኛው መንታ፣ ያውም ወጥ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ታድሶ የማያውቅ፣ በዚያው ሰሞን በሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ተሸጧል። የገዙት ውሻቸውን በሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። በመቶ አርባ ሁለቱ ግምት ባንኩ የሚያበድረው ኪያናን አንድ ዓመት ያስተምራል። ግማሽ ፋርማሲስት ደግሞ የሚቀጥር የለም። ስለዚህ ቨርሊን ሌላ ገማች እንዲላክላት ጠየቀች።

መፍትሔውን ኪያና ከክፍል ጓደኞቿ ሰምታ መጣች፤ ቨርሊን ግን አልገረማትም። በሚልዋኪ ከተማ ሰሜኑ ሰፈር ይህን ያደረገ ዘመድ የሌለው ጥቁር አይገኝም። የጥቁር ቤት መሆኑ ከታወቀ ዋጋው ስለሚቀንስ ገማች ሲመጣ ፎቶ ይወርዳል። የፀጉር ቅባቱና የሐር የመኝታ ቆቡ ከመታጠቢያ ቤት ይነሣል፣ መጻሕፍቱ ጀርባ ጀርባቸው እየታየ ይመረጣሉ፣ በር የሚከፍት ነጭ ወዳጅ ይፈለጋል። ምስጢር ነው እንዳይባል ሁሉም ያውቀዋል፤ እንደ ኪንታሮት ነው፣ ያለበት ሁሉ ይሸፋፍነዋል እንጂ።

ሌስተር የዛሬውን ዕቅድ አላወቀም፤ እንዲያውቅም አልተፈለገም። ሌስተር ጣራ ሠሪ ነው። የመጀመሪያው ግምት የመጣ ቀን ወረቀቱን አንብቦ «ገማች ቁጥር ነው የሚያየው እማዬ። የሰው መልክ አያይም። ጣራችሁ አርጅቷል፣ አበቃ» አለ። ከዚያ የበረዶው ክረምት እስኪቃረብ ድረስ የደንበኞቹን ሥራ እየጨረሰ ማታ ማታ፣ ጀርባውን ቀበቶ አስሮ፣ ዕቃውን ከኪሱ ገዝቶ የእናቱን ጣራ ሙልጭ አድርጎ ገፎ አዲስ አለበሰው። አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። አሁን የቀረው የኋላው አሸንዳ ብቻ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ግን ከልጁ ከኪያና ጋር አልተነጋገረም። በሐምሌው የነፃነት በዓል ሥጋ እየጠበሱ ሳለ ኪያና የመኪናው በር ላይ የተለጠፈውን የምርጫ ምልክት አይታ «አባዬ፣ አንተን ቤቱ ለማያስገባ ሰው ነው በር የምትከፍትለት?» አለችው። እሱም መጥበሻ ሹካውን እንደያዘ «እኔ የማንም ምጽዋት ጠብቄ አላውቅም። ሠራሁ፣ አገኘሁ» አላት። «ምን አገኘህ?» አለች። ይኼው ነው የተባባሉት። ከዚያ ወዲህ እሱ ጣራ ላይ ሲሆን እሷ ክፍሏ ትሆናለች፣ በመሐላቸው ሳንቃና ሚስማር ብቻ፤ ቨርሊን ደግሞ ከታች ሆና የመዶሻውንም የዝምታውንም ድምፅ ትሰማለች። ለሌስተር ገማቹ የሚመጣው ነገ ነው ብላዋለች። ለልጇ ስትዋሽ ምላሷ ደረቀባት፣ ግን ምን ታድርግ?

ነጭ ወዳጅ ሲባል ደግሞ ያለችው ዶሪን ናት። ዶሪን የጎን ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ ስታንሊ ግራ ጎኑ ሽባ በሆነ ጊዜ በረዷን የሚጠርግላት ሮስኮ ነበር፣ ሮስኮ ሲሞት ለሰባት ቀን ሾርባ ያመላለሰች እሷ ናት። ካለፈው ምርጫ በፊት ዶሪን ሣሯ ላይ የዚያኛውን ወገን የምርጫ ሰሌዳ ተከለች። በማግስቱ ቨርሊን የራሷን ወገን ተከለች። ማንም ማንንም አልተናገረም፤ ግን በአጥሩ ላይ የሚቀባበሉት ሳህን ቀረ፣ ቀጥሎ ወሬው ቀረ፣ በመጨረሻ ስለ ቆሻሻ መኪና ብቻ መነጋገር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ቨርሊን ኬክ ጋግራ የዶሪን ደጃፍ ላይ ቆመች። ነገሩን እያፈረች አስረዳቻት። ዶሪን ሰምታ ሰምታ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብዬ አላምንም» አለች።

«አታምኚም?»

«አላምንም። ቴሌቪዥኑ ነው እንዲህ የሚያደርጋችሁ።» ኬኩን ተቀበለቻት። «ግን እመጣለሁ። ምን ልልበስ?»

ዛሬ ታዲያ ዶሪን የፋሲካ ሹራቧን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ የልብስ ቅርጫት በሁለት እጇ አቅፋ በጠዋቱ ከች አለች። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ፎቶ ነው። ይህን ያሰበችው ኪያና ናት። የግሪሮች ፎቶ ከወረደ በኋላ የግድግዳው ወረቀት አቧራና ጭስ ያልነካው ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ነጣ፤ ክፍሉ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መሰለ። ስለዚህ በየጎደለው ቦታ የዶሪን ዘመዶች ይሰቀሉ ጀመር፤ የቁርባን ልብስ የለበሱ ሕፃናት፣ በረዶ ላይ የቆሙ አክስቶች፣ አንገቱ የጠፋ አጎት። ኪያና ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ ጫፍ እየቆመች በሮስኮ ሚስማር ላይ ስታንሊን ሰቀለችው። ስታንሊ ጀልባ ላይ ቆሟል፣ ክንዱን የሚያክል ዓሣ በጉሮሮው አንጠልጥሎ ይስቃል።

«ከሚቺጋን ሐይቅ ያወጣው ነው» አለች ዶሪን ቀና ብላ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ሲመኝ የኖረው እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሰቀል ነበር። እኔ ቤት መኝታ ክፍል ነው ያለው።»

«እንኳን ደስ አለው» አለች ቨርሊን።

«ሰሌዳሽንስ ነቀላችሁ?»

«ነቅለናል።»

«እንግዲያው ከኔ አንዱን እዚህ ልትከልልሽ? ገማቹ ይበልጥ ያምን ነበር።»

«ዶሪን፣ እሱን እንኳ ማሪኝ።»

ሳቁ ሳይታሰብ አመለጣቸው፤ ኪያና ከወንበሩ ላይ ሆና ሁለቱንም ገላመጠቻቸው። ከሳቁ በኋላ ዶሪን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን እየጎተተች ስለ ልጅ ልጇ ስለ ትሮይ አነሣች። የሚሠራበት የሞተር ፋብሪካ ከዘጋ ወዲህ ትሮይ ምድር ቤት ተኝቶ ይውላል። የኤሌክትሪክ ሥራ ሊማር አመልክቶ አልገባም። «ቦታው ለሌላ ሰው ተይዟል አሉት አሉ» አለችና ለማን እንደ ተያዘ ሳትናገር ኪያናን አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች። «እሷ እንኳ አንቺ አለሽላት። ለትሮይ ግድግዳ የሚያራቁትለት ማን ነው?» ቨርሊን ትሮይን በዳይፐር ታውቀዋለች፣ ጓሮዋ ውስጥ አብሮ የሮጠ ልጅ ነው። የእሱን ቦታ የወሰደችው ኪያና አለመሆኗንም ታውቃለች። የትኛውን አስቀድማ እንደምትናገር ስታስብ ጊዜው አለፈ።

ኪያና በስልኳ ወደ አያቷ ስልክ ደውላ መስመሩን እንደከፈተች ወጥ ቤት ፍሪጅ አናት ላይ፣ ከዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ አስቀመጠችው። ከአያቷ ጋር ማዕዘኑ ላይ መኪና ውስጥ ሆነው በአያቷ ስልክ ያዳምጣሉ፤ ዶሪን ከተቸገረች ወደ ቤቱ ስልክ ደውለው ያድኗታል። ዶሪን ለዛሬ ወይዘሮ ግሪር ናት። ማሞቂያው መቼ እንደ ተቀየረ፣ ሰድሩን ማን እንዳነጠፈ፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛለች። «ጣራውን አትርሺ» አለቻት ቨርሊን ሦስተኛ ጊዜ። «አዲስ ነው በይው። ሙሉው ነው የተቀየረው በይው።» ከዚያ ከገዛ ቤቷ በጓሮ በር ወጣች።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳትታጠቅ ነው ትዝ ያላት። የጓዳው በር ከውስጥ በኩል! የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት በየዓመቱ የሚሰጠው የቀን መቁጠሪያ እዚያ ተሰቅሏል። ከሰፈሩ ቤት ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ የማይጠፋ ነገር ነው፤ ከላይ እጅ ለእጅ የተያያዘ የጥቁር ቤተሰብ ሥዕል፣ ከሥሩ የአስከሬን መኪናው ስልክ ቁጥር። ከብዙ ዓመት ጀምሮ እያየችው ስላለች አይታው አታውቅም። ኪያና «ተይው አያቴ፣ ጓዳ ማን ይከፍታል?» ስትል እሷ በሩን ከፍታ ግማሽ መንገድ ደርሳለች። «ያኛው ከፍቷል!» አለች ዞር ሳትል። ጉልበቷ እየተንቋቋ በጓሮ ገባች፤ ልብሷን እንዳታቆሽሽ ከልማዷ የተነሣ ሽርጧን ከበሩ ጀርባ አንሥታ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ቀን መቁጠሪያውን ነቅላ ጠቀለለችው። የፊት በር ደወል የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ቀድሞ መጣ።

ከወጥ ቤቱ ሆና የዶሪንን ጫማ ኳ ኳ ሰማች፣ ቀጥሎ የወጣት ሰው ድምፅ። ሳቂታ ነው። «ደህና አደሩ እመቤት! እንዴት ያለ ውብ ቤት ነው! ጫማዬን ላውልቅ?» አይ፣ አታውልቅ አለች ዶሪን። ቡና ትጠጣለህ አለች፤ እሺ አለ። ቨርሊን በጓሮ በር ልትወጣ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ወለሉ ሲጮህ ቆመች። ሰውየው በሁለተኛው ክፍል ቀይ ብርሃን የምትተኩስ መለኪያ ይዞ ግድግዳ ከግድግዳ ይለካል። «ይህ ሰድር የእጅ ሥራ ነው አይደል?» ሲል ዶሪን «ባለቤቴ ነው ያነጠፈው» አለች። «ከሥራ ሲመጣ እየተንበረከከ። ጉልበቱ እስኪያብጥ።» ይህን ያለቻት ቨርሊን ናት፤ ቃል በቃል ነው የያዘችው። ከዚያ ግን ያልተነገራትን ጨመረች። «አሁን የለም» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፣ እውነተኛ ልቅሶ። ሰውየው «ነፍሳቸውን ይማር» አለ፤ ስታንሊንና ዓሣውን ቀና ብሎ ሳያይ አይቀርም። ቨርሊን ወጥ ቤት ሆና የሮስኮን ጉልበት አሰበች። ማታ ማታ የፍል ውሃ ጨርቅ የምታስርለት እሷ ነበረች።

«ጣራውንም አሳድሰነዋል» አለች ዶሪን ታማኝ ሆና። «ሙሉው ነው የተቀየረው።»

«እሱም ጥሩ ነው። ጣራ እንግዲህ ጣራ ነው እመቤት፤ ቁጥሩን ያን ያህል አይለውጠውም። ዋናው ቤቱ ያለው ስሜት ነው። እንደገባሁ ተሰማኝ።»

በሩን ገፍቶ ወጥ ቤት ሲገባ ቨርሊን ምድጃው ፊት ለፊት ቆማ ነበር፤ ሽርጧን እንዳሰረች፣ ቀን መቁጠሪያው ብብቷ ሥር። «ኦ! ሰው አለ ለካ» አለ። ከጀርባው ዶሪን ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ፍሪጁ አናት ላይ የስልኩ ትንሽ መብራት ትበራለች። ከመብራቷ ማዶ ኪያና መኪና ውስጥ ሆና ትሰማለች።

«ይቺማ ቨርሊን ናት» አለች ዶሪን። «በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ታጸዳልኛለች።»

«ታድለው!» አለ ሰውየው ከልቡ። «ሚስቴ እኮ ታማኝ ሰው አጥታ ስንት ጊዜዋ። ወጥ ቤቱ እንደ መስታወት ነው!» ወደ ቨርሊን ዞረ። «ስንት ታስከፍያለሽ?»

ቨርሊን አፏን ከፈተች። «በሰዓት ሃያ ሁለት ዶላር።»

«አይበዛም። ስልክሽን ትሰጪኛለሽ ስትወጪ? አሁን እስቲ ወደዚያ ጠጋ በይልኝ፣ ይቺን ልለካት።»

ዶሪን እጇን እያፍተለተለች «ቨርሊን፣ ጓዳውን ጨርሺልኝ እስቲ» አለች።

«እሺ እመቤቴ» አለች ቨርሊን። ጓዳ ገብታ ቀን መቁጠሪያውን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ወሸቀችና ከዱቄትና ከታሸገ ቲማቲም መሐል ቆመች። ጓዳውን ማንም አልከፈተም። ከውጭ ሰውየው «ሰፈሩ አሁን እየተመለሰ ነው» ሲል ይሰማታል፤ ዶሪን ደግሞ በየዋህነት «የት ሄዶ ነበር?» አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ቨርሊን በሳቅ ትፈነዳ ነበር። ሰውየው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መናገር አይፈቀድልኝም፤ ግን አይጨነቁ፣ ከማዶው ቤት አያንስም» አለ። ቡናውን ጨርሶት ነበር።

በሩ ሲዘጋ ዶሪን እያጨበጨበች መጣች። «ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት! እንግዲህ የኔም ያን ያህል ያወጣል ማለት ነው!» ከዚያ የቨርሊንን ፊት አየችና እጇ ወረደ። «ቅር አለሽ? አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። እህቴ ናት ልበል?»

«ደህና ነው ያልሽው። አዳንሽኝ።»

«ያኛው የመጀመሪያው ሰው ክፉ ሆኖ ነው፤ ክፉ ሰው የትም አለ። ይሄ ግን ጨዋ ልጅ ነው። አየሽ? እንዳሰባችሁት አይደለም።»

ቨርሊን ጓደኛዋን ትክ ብላ አየቻት። እውነቷን ነው፣ ዶሪን አላየችም። ይኸው ክፍል ውስጥ ቆማ፣ በገዛ አፏ ተናግራው አላየችውም። ምን ይባላል? ለዛሬ የጋገረችውን ኬክ ቆርጣ በሳህን ሰጠቻት። አክስቶቹንና የቁርባን ሕፃናቱን እየነቀሉ ወደ ቅርጫቱ መለሱ፤ ስታንሊ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ወንበር ላይ መውጣት ፈሩ። «ኪያና ታወርድልሽና ታመጣዋለች» አለች ቨርሊን። ዶሪን ቅርጫቷን አቅፋ ወጣች።

ኪያና የመጣችው ዘግይታ ነው። ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ከፍሪጁ አናት አነሣች፣ ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«‹እሺ እመቤቴ› አልሻት።»

«ዕድሜ ልኬን በሰው ቤት ብዬዋለሁ። አንድ ቀን በቤቴ ብለው አልሞትም።»

«ሃያ ሁለት ዶላርስ?»

«የመጨረሻዋ ሴትዮ የምትከፍለኝ እሱን ነበር። ሌላ ቁጥር አልመጣልኝም።»

«አልፈልገውም ገንዘቡን።»

«ትፈልጊያለሽ!» አለች ቨርሊን፤ እሷም በድምፅዋ ደነገጠች። «ትፈልጊያለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ ነጭ ካፖርት ለብሰሽ ከመደርደሪያው ጀርባ ትቆሚያለሽ። የዛሬውን ውርደት ብላሽ ልታደርጊብኝ? አሁን ሂጂና አያትሽን ከመኪናው አውጪው። ታፍኗል።»

ኪያና ግን የጓሮውን በር ሳትደርስ የሌስተር መኪና መሰላሉን እያንኳኳ ግቢ ገባ። አሸንዳውን ሊጨርስ ነው፤ የዛሬው ሥራው በነፋሱ ምክንያት ተቋርጧል። እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባና ሁለቱን በአንድ ላይ ሲያያቸው ተጠራጠረ። «ምነው? ሰው ሞተ?»

«ገማቹ መጥቶ ሄደ» አለች ቨርሊን። «ቀኑን አሳጠሩት።»

«እና?»

መልሱ ከኪያና መጣ፤ ከሐምሌ ወዲህ ለአባቷ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው። «ከማዶው ቤት አያንስም አለ። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።»

ሌስተር ኮፍያውን አወለቀ። ግዙፉ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ይስቅ ጀመር፤ የሮስኮን ሳቅ፣ ትከሻው ብቻ የሚስቀውን። «ጣራው!» አለ። «አላልኩም? ጣራው ነው አላልኩም?» ወደ ልጁ ዞረ፤ ዓይኑ ውስጥ ቂም የለም፣ ልመና እንጂ። «አላልኩሽም ኪያና?»

ኪያና በዚህ ክርክር ስንት ቀን ብቻዋን በክፍሏ ውስጥ አሸንፋዋለች። አሁን እውነቱ አፏ ላይ ነው፣ አንድ ቃል ነው የሚበቃት። ቨርሊን ሽርጧን ጨብጣ አየቻት።

«ብለኸኝ ነበር አባዬ።»

ተነሥቶ ራሷን በትልቅ መዳፉ ያዘና ወደ ደረቱ አስጠጋት። ከደረቱ ላይ የሬንጅ ሽታ አለ። «ስለ ጣራው ምን አለ?» አለ እናቱን በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ። ቨርሊን ዋሸች፤ ዛሬስ ምላሷ አልደረቀባትም። «ቀና ብሎ አየው። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው አለ። ሚስቴ ታማኝ ሠራተኛ አጥታ ስንት ጊዜዋ ነው አለ። ስልክህን ሁሉ ጠየቀኝ።»

«ሰጠሽው?»

«ስትወጣ እሰጥሃለሁ አልኩት።»

«ይኸው ነው እኮ የምላችሁ!» አለ። «ሰው ሥራህን ካየ በቃ።» ኬኩን ራሱ ቆረጠ፣ ትልቁን፤ ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ሊበላ ወደ ሳሎን ተራመደ። ቨርሊን «ሌስተር፣ እዚሁ ብላ» አለች። «እዚሁ ብላ ልጄ፣ ቡና ላፍላልህ።» እሱ እየሳቀ «ለሽማግሌው ልንገረው እንጂ» አለ። ኪያና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በሩ ክፍት ስለነበር ሁለቱም አዩት። ሌስተር ሶፋው ጋ ሲደርስ ወሬውን እንደያዘ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ በሁለት ጣቱ የፍሬሙን ሥር መታ መታ አደረገ። ሁለተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ፍሬሙ ቀጭን ነው። ቀና አለ። ስታንሊ ከነዓሣው እየሳቀበት ነው። ሌስተር ቀስ ብሎ ዞረና በግድግዳው ላይ አንድ በአንድ የነጡትን አራት ማዕዘኖች አየ፤ የእሱ የምረቃ ፎቶ የነበረበትን፣ የእናቱና የአባቱ ሠርግ የነበረበትን፣ ኪያና ጥርሷ ወልቆ የሳቀችበትን። ከዚያ በበሩ በኩል እናቱን አየ። ፊቷን አልነበረም ያየው፣ ሽርጧን ነው። ከሽርጧ ኪስ አሁንም ያቺ የተጠቀለለች ቀን መቁጠሪያ ብቅ ብላ ትታያለች፤ ማውጣቷን ረስታዋለች። ቨርሊን አንድ ነገር ልትል አሰበች፤ ጣራው ቆንጆ ነው፣ በእውነት ቆንጆ ነው፣ ዘንድሮ አንድ ጠብታ አልገባም ልትል አሰበች።

ሌስተር ሳህኑን ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጠው፤ ኬኩ አልተነካም። ኮፍያውን አጠለቀና ቤተሰቡ በማይጠቀምበት፣ እንግዳ ብቻ በሚገባበት በፊተኛው በር ወጣ። በሩን አላላጋውም፤ የታመመ ሰው የተኛበት ቤት ይመስል እጀታውን ይዞ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። መኪናው ከግቢ ሲወጣ መሰላሉ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ከጓሮ በኩል ያልታሰረው አሸንዳ በነፋሱ ግድግዳውን ይመታ ጀመር።